የኮሌጁ ንጉሥ ወደ ትልቁ ሊግ ሲሄድ

እዚህ አሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል መደበኛ ጨዋታዎች ባለቁ ማግስት ያለው ቀን «ጥቁር ሰኞ» ይባላል። ያልቀናቸው ቡድኖች አሰልጣኞቻቸውን የሚያሰናብቱበት ቀን ነው። አሁን አሁን ከገናችን ሰሞን ጋር ስለሚገጥም፣ እኛ ቤት ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሳሎን ውስጥ የሚወራው ማን ተባረረ፣ በማንስ ይተካል የሚል ነው። (ፉትቦል ስል ትከሻ ለትከሻ የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው እንጂ የእኛን እግር ኳስ አይደለም።) በየዓመቱም አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ በኮሌጅ ደረጃ ዋንጫ በዋንጫ የሆነ አሰልጣኝ ለትልቁ ሊግ፣ ለኤንኤፍኤል ዋና አሰልጣኝነት ይሆናል ወይ?

ባለቤቴ «ያሸነፈ ሰው የትም ቢሄድ ያሸንፋል» ባይ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ልጃችን ደግሞ ስምና ቁጥር እየጠራ ይሞግተዋል። እኔ ጨዋታውን የለመድኩት ከሁለቱም ዘግይቼ ነው፤ ጥያቄውን ግን ከሁለቱም በላይ የማውቀው ይመስለኛል። አገር ቤት አሥር ዓመት አሥረኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሆቴል ውስጥ የክፍል አጽጂዎች ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን «ና ወደ ሰሌዳው» ማለትና የሃምሳ ዓመት ሴትን «ሦስተኛ ፎቅ አንቺ ነሽ» ማለት አንድ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ የኮሌጁን ነገር ላስረዳ፤ አገር ቤት ላለ አንባቢ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲባል የእሑድ መዝናኛ ሊመስለው ይችላል። እዚህ የሚሺጋን፣ የአላባማ፣ የኦሃዮ ስቴት ስታዲየሞች እያንዳንዳቸው ከ100,000 ሰው በላይ ይይዛሉ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ካዝና ትልቁን ደመወዝ የሚበላው ገዥው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ነው። አሰልጣኙ ልጆቹን የሚያገኛቸው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ እናት የሠራችውን በልቶ፣ «ልጅሽን አደራ» ተብሎ ይወስዳቸዋል። ለረጅም ዘመን አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ 85 ተጫዋቾችን በስኮላርሺፕ መያዝ ይችል ነበር። ስሙ የገነነው አሰልጣኝ ምርጦቹን እየለቀመ ይወስዳል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ከእሱ ያነሰ ቡድን ይገጥማል። ልጆቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት ናቸው። አሰልጣኙ አባት፣ አለቃ፣ አንዳንዴም የነፍስ አባት ነው። ማን ይናገረዋል?

ኤንኤፍኤል ውስጥ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። 32 ቡድኖች አሉ፤ አዲስ ተጫዋች የሚያገኙት ድራፍት በሚሉት ምርጫ ነው። እዚያ ቀድሞ የሚመርጠው ባለፈው ዓመት የባሰበት ቡድን ነው። ደመወዝም ለሁሉም እኩል የሆነ ጣሪያ አለው፤ ሀብታሙ ቡድን ኮከቦችን ሁሉ ልግዛ ቢል አይፈቀድለትም። የስም ዝርዝሩ 53 ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት ዕዳ፣ ጠበቃና ወኪል ያላቸው አዋቂዎች ናቸው፤ ከአሰልጣኙ የበለጠ የሚከፈላቸውም አሉ። ኮሌጅ ውስጥ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ብቻ የተሸነፈ አሰልጣኝ፣ እዚህ በአንድ ዓመት ስድስት ሰባቴ ተሸንፎ «ጥሩ ሠራ» ይባላል። ሽንፈትን ያልለመደ ሰው ይህን ማወራረድ አለበት።

እኔ ይህን ነገር በቅርብ ያየሁት የዋሽንግተን አካባቢ ኑሮዬን ስጀምር ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) 2002 ላይ የዋሽንግተን ቡድን ስቲቭ ስፐሪየርን ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። ሰውየው 1996 ላይ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነ፣ በፍሎሪዳ 122 ጊዜ አሸንፎ 27 ጊዜ ብቻ የተሸነፈ፣ በአፉም በጨዋታ ስልቱም ደፋር ነው። ለአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፤ በጊዜው ለኤንኤፍኤል አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ክፍያ አልተሰማም። በነሐሴ ጃፓን ኦሳካ ላይ በተደረገው የዝግጅት ጨዋታ ሳንፍራንሲስኮን 38 ለ 7 ሲረታ ከተማው አበደ። ያኔ ሆቴላችን ሎቢ ውስጥ ሻንጣ የሚሸከሙት ልጆች ሳይቀሩ ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያወሩት።

ከዚያስ? የመጀመሪያው ዓመት 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ሁለተኛው 5 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በዚያው ሥራውን ለቆ ሄደ። ልቤን የሚነካው ግን ቁጥሩ አይደለም። ስፐሪየር ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ፍሎሪዳ ላይ ያሠለጠናቸውን ኳርተርባኮች፣ ዳኒ ወርፈልንና ሼን ማቲውስን፣ አስመጥቶ ነበር። ኳርተርባክ ማለት ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሱን የሚያከፋፍለው ሰው ነው። ወርፈል ኮሌጅ እያለ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። በትልቁ ሊግ ግን የሚሯሯጡበት ግዙፎች ሌሎች ናቸው። አዲስ አገር የገባ ሰው ሰፈሩን ይዞ ለመምጣት የሚያደርገውን ጥረት ስለማውቀው፣ ስፐሪየር የድሮ ልጆቹን ሲሰበስብ ገብቶኛል። ሰዎቹ መጡ፣ ሰፈሩ ግን አልመጣም።

አርበን ማየር የባሰ ነው። በፍሎሪዳ ሁለቴ፣ በኦሃዮ ስቴት አንዴ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። 2021 ላይ ጃክሰንቪል ቀጠረው፤ 2 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ዓመቱ ሳያልቅ በታኅሣሥ ተባረረ። ከዚያ በፊት ቡድኑ ሲንሲናቲ ላይ ተሸንፎ ሲመለስ፣ እሱ አብሮ አልበረረም፤ እዚያው ኦሃዮ ቀረ። ኮሌጅ ቢሆን ምናልባት ይታለፍ ነበር። አዋቂ ሰው ግን ተሸንፎ አውሮፕላን ሲገባ ወንበሩ ባዶ የሆነውን አለቃውን ይቆጥርበታል።

ሆቴላችን ውስጥ አብሮኝ ተቆጣጣሪ የነበረ አንድ ሰው ነበር፤ አገር ቤት የታወቀ ርዕሰ መምህር ነበር አሉ። ተማሪ ሲያየው ኮሪደሩ ጸጥ ይል እንደነበር የሚያውቁት ይመሰክራሉ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ልክ እንደ ባንዲራ ሰልፍ ንግግር ያደርግላቸዋል። የኤል ሳልቫዶር ሴቶች፣ የእኛዎቹ፣ የጋና ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጡታል፤ ጨርሶ ሲሄድ እርስ በርስ ተያይተው ወደ ሥራቸው። የሚፈልጉት ሌላ ነበር። አንዷ ጉልበቷን ታማለች፣ ዝቅ ብሎ መጥረግ አትችልም። ሌላዋ ማታ ሌላ ሥራ አላት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ አትቆይም። ከመካከላቸው «እትዬ» ብዬ የምጠራቸው አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ፤ ሥራውን ከእኔም ከእሱም አስበልጠው ያውቁታል። የትኛው ፎቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እሳቸውን ሳይጠይቁ መመደብ ከንቱ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ወዳድ ነበር። ስምንት ወር ቆይቶ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ ዛሬ ማታ ማታ የሰፈራችንን ልጆች ሒሳብ ያስጠናል፤ ልጆቹም ወላጆቹም ይወዱታል።

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስነግረው አይወደውም፤ ለምን እንደማይወደው አውቃለሁ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ የቤት ኪራይ ስለከበደው ተመልሶ እኛ ጋር ይኖራል። አባቱ ደግሞ ይህን ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ጫማውን አስሮ፣ የቤት ሥራውን ተከታትሎ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ ሳያስወጣ ነው ለዚህ ያበቃው። ጥሩ አሠልጥኗል፤ ማንም አይክደውም። አሁን ግን ልጁ የራሱ መኪና፣ የራሱ ደመወዝ፣ የማናውቃት ጓደኛም አለችው። አባት ሶፋው ላይ ሆኖ «የት አመሸህ?» ይላል። ልጅም ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ «ሴባን እንኳ ማያሚ ላይ አልሆነለትም» ይላል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስለ ፉትቦል ብቻ እንዳልሆነ እሰማለሁ።

ኒክ ሴባን ለዚህ ሁሉ ክርክር ዋናው ምስክር ነው። ኤልኤስዩን 2003 ላይ ሻምፒዮን አደረገ። 2005 ላይ ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ሄዶ በሁለት ዓመት 15 አሸነፈ፣ 17 ተሸነፈ። ወደ አላባማ ትሄዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አልሄድም ብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ በ2007 መጀመሪያ ሄደ። አላባማ ላይ ስድስት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ካያቸው ታላላቆች አንዱ፣ ለብዙዎች አንደኛው፣ ትልቁ ሊግ ላይ ተራ ሰው ነበር።

እንግዲህ አይሆንም ብለን እንዝጋው? አይደለም፤ ባለቤቴም የሚመዘው ስም አለው። ጂሚ ጆንሰን የማያሚ ዩኒቨርሲቲን ሻምፒዮን አድርጎ 1989 ላይ ዳላስ ገባ። የመጀመሪያ ዓመቱ 1 አሸንፎ 15 ተሸነፈ! ግን ምን አደረገ? በዚያው ዓመት ትልቁን ኮከቡን ኸርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጥቶ በምትኩ የድራፍት ዕድሎችን ሰበሰበ። ኮሌጅ ሳለ አገር ምድሩን ዞሮ ልጆች ሲመለምል ስለኖረ፣ የትኛው ወጣት እንደሚያድግ ያውቃል። ቡድኑን ከሥር ሠራው፤ የ1992ን እና የ1993ን ውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ተከታትሎ ወሰደ። ከኮሌጅ ያመጣው ነገር ሥልጣን ሳይሆን ዓይን ነበር ማለት ነው። ሌላም ነገር ነበረው፤ የቡድኑ ባለቤት ጄሪ ጆንስ የዩኒቨርሲቲ ዘመን የቡድን ጓደኛው ነው፣ በ1 ለ15 አላባረረውም። ስንቱ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያገኛል?

ፒት ካሮል ደግሞ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። በትልቁ ሊግ ሁለቴ ተባርሮ ነው ወደ ዩኤስሲ የወረደው። እዚያ ገንኖ ተመልሶ በየካቲት 2014 ከሲያትል ጋር ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትቶ ሱፐር ቦውል በላ። ጂም ሃርቦ ራሱ ረጅም ዘመን የኤንኤፍኤል ኳርተርባክ ነበር። ስታንፎርድን አንሥቶ ሳንፍራንሲስኮን ሲረከብ፣ ቀድሞ በነበረው ዓመት 6 ብቻ ያሸነፈውን ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ 13 አሸናፊ አደረገው። ሚሺጋንን የ2023 ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ቻርጀርስ ሲሄድም 5 አሸንፎ የነበረውን ቡድን 11 አደረሰው።

ስለዚህ እኔ ቡድን ቢኖረኝ (ባለቤቴ «ሆቴሉን ለምደሽ» እያለ ይስቃል) የሰውየውን ዋንጫ አልቆጥርም። አዋቂ ሰዎች መካከል አዋቂ ሆኖ ኖሯል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። ካሮልና ሃርቦ ኖረዋል፤ አንዱ ተባርሮ፣ ሌላው ራሱ ተጫውቶ። ሴባንም ከዚያ በፊት በኤንኤፍኤል ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ስለሠራ መለኪያዬ ሁሉን ይፈታል አልልም።

ነገሩ አሁን ደግሞ እየተቀላቀለ ነው። ከ2021 ክረምት ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ያልተመቸው ልጅም እንደ ድሮው ዓመት ሳይቀመጥ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይከፍላሉ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ልጅሽን አደራ» የተባለው አሰልጣኝ ዛሬ ከእናትየዋ ጎን የልጁን ወኪል ያገኛል። ሴባን በጥር 2024 ጡረታ ወጣ። ስድስት ሱፐር ቦውል ያለው ቢል ቤሊቺክ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 ወደ ታች፣ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ የመጀመሪያ ዓመቱንም ካሸነፈው የተሸነፈው በዝቶ ጨረሰ። ቁልቁለቱም አልቀለለም።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ልጃችን ያነሣው ግን ሌላ ነው። 2006 ላይ ማያሚ ድሩ ብሪስ የሚባለውን ኳርተርባክ ማስፈረም ይችል ነበር። ሰውየው ትከሻው ተጎድቶ ነበርና ሐኪሞቹ ሠጉ፤ ማያሚም ዳንቴ ከልፔፐርን ወሰደ። ከልፔፐር በዚያ ዓመት አራት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ብሪስ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ በየካቲት 2010 ሱፐር ቦውል በላ። «ሐኪሞቹ ትከሻውን አሳልፈውት ቢሆን ሴባን ዛሬም ማያሚ ነበር፤ እናንተም ይህን ሁሉ ስለ አዋቂና ስለ ልጅ አታወሩም» አለ። ባለቤቴ መልስ አልነበረውም፤ ሲኒውን አቀበለውና «እስቲ የዚያችን ልጅ ስሟን እንኳ ንገረን» አለው።