ወይና ደጋ ያለ ወይን

ባለፈው ዓመት መስከረም ሊጠባ ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከጎንደር ደወለልኝ። ከሰላምታ በኋላ ጥቂት ዝም አለና፣ «የግቢውን ወይን ልንቆርጠው ነው። የምትይው ካለሽ ቶሎ በይ» አለኝ።

ነገሩ ግልጽ ነው። አባታችን ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል። እናታችን የምትኖረው በእሱ የጡረታ ብር ነው። ከጓዳው ጀርባ ያለችው ቦታ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ታወጣለች፤ ሰርቪሱ ይከራያል፤ ኪራዩ ለእማዬ የስኳር መድኃኒት ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል የቆመው አንድ የወይን ሐረግ ብቻ ነው። እናት እየታመመች ለሐረግ ጥብቅና መቆም ምን ይባላል? ቢሆንም አፌ «ቁረጡት» ለማለት አልታዘዝ አለኝ። «ሳልመጣ እንዳትነኩት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። መንገዱ በሰላም ያስኬዳል በተባለ ቀን ማልጄ ተሳፈርኩ። ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን ይፋግ ስንደርስ በመስኮት ወዲያና ወዲህ አማተርኩ። ይፋግ በድሮ ዘመን ስመ ጥር ገበያ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ ያለፉ የአውሮፓ መንገደኞች በአካባቢው ስለሚበቅል ወይን ጽፈዋል። እኔ ከመንገዱ ዳር ያየሁት ጤፍና ማሽላ ነው።

መቼም ወይና ደጋ የሚለውን ቃል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቆላም ያልሆነ፣ ደጋም ያልሆነ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው አገር ነው፤ ጎንደር ከተማም እዚያው ውስጥ ናት። ቃሉን ግን ከፍለን ያየነው ስንቶቻችን ነን? የወይን ደጋ ማለት እኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1543 አፄ ገላውዴዎስና ኢማም አሕመድ ለመጨረሻ ጊዜ የተጋጠሙበት፣ ኢማሙም የወደቁበት ከጣና ምሥራቅ ያለው ስፍራ በታሪክ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ወይኑ ከማሳው ቢመናመንም ከአፋችን አልወጣም።

አፋችን ሌላም ነገር ይመሰክራል። የወይን መጠጡን «ወይን ጠጅ» እንለዋለን፤ መለኪያችን ጠጅ ነውና። ማርና ጌሾ በሞላበት አገር ወይን ተክሎ፣ ገርዞ፣ ከወፍ ጠብቆ፣ ጨምቆ ለመጠጣት የሚደክም ብዙ ሰው አልተገኘም። ዛሬ በጠርሙስ የምናገኘው ያገር ወይን ጠጅ ቢሆን የጎንደር ልጅ አይደለም። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይኑን የተከለው ዝዋይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያወጣውም እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ታዲያ በእኛ አገር ወይንን ሳያቋርጥ የያዘው ማነው ቢባል መልሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷም የያዘችው በደረቁ፣ በዘቢብ ነው። ሰው ለደብሩ ሲሳል ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይሳላል። ዘቢቡ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይጨመቃል፤ ሳይፈላና ሳያሰክር ለቅዳሴው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዘቢብ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ አይቶ ጽፏል። አምስት መቶ ዓመት ማለት ነው።

አባዬ በልጅነቱ ዲያቆን፣ በኋላ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ወይኑ ሲበስል ለልጆቹ ጥቂት ዘለላ ቆርጦ ከሰጠ በኋላ የቀረውን በሰፌድ አድርጎ ከቆርቆሮው ላይ ያሰጣዋል። ወፍና ጉንዳን የመጠበቁ ሥራ የእኔ ነበር። ሲደርቅ በነጭ ጨርቅ ይቋጥረውና አስከትሎኝ ወደ ደብራችን ይሄዳል። እኔ ከቅጥሩ በር ላይ እቆማለሁ፤ እሱ ወደ ቤተልሔም ያደርሳል። «ለምን አንበላውም?» ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ። «በልተሻል እኮ፤ ይኼ ደግሞ የማያውቁሽ ሰዎች ድርሻ ነው» አለኝ። ሐረጉን መቁረጥ ይኼን ቃል መቁረጥ መስሎ የታየኝ ለዚህ ነው።

ጎንደር በገባሁ ማግስት አባዬን የሚያውቁትን አንድ አዛውንት ካህን ልጠይቅ ሄድኩ። ትልቅ ነገር ሊነግሩኝ ነው ብዬ ነበር።

«የኔታ፣ የአባዬ ዘቢብ ለስንት ጊዜ ይበቃችሁ ነበር?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ለስንት ጊዜ! ለጥቂት ቀን ነው እንጂ፣ ልጄ። የሚበዛው ያን ጊዜም ከሱቅ ነው፤ ዛሬም ከሱቅ ነው።»

«ታዲያ እርሱ ባያመጣው አይጎድልባችሁም ነበር?»

«ለቅዳሴው አይጎድልም። ለእሱ ነበር የሚጎድለው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። ሌላ ተስፋም ነበረኝ፤ ሐረጋችን ከእነዚያ ከጥንቶቹ የይፋግ ወይኖች የተገኘ እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። ማታ ወንድሜን ብጠይቀው፣ «ምን ይፋግ! አባዬ ፒያሳ አጠገብ ካለ በጣሊያን ዘመን ከተሠራ ቤት ግቢ ለምኖ ያመጣው እንጨት ነው» አለኝ። ሁለቱም ተስፋዬ በአንድ ቀን ሄደ።

በዚያው ሰሞን ቆጵሮስ ደሴት በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ቆይታ የተመለሰች አብሮ አደጌን አገኘኋት። የወይኑን ጉዳይ ሳጫውታት፣ «እነሱም እኮ ያሰጡታል፤ እንደኛ ብቅል መሬት ሙሉ አስጥተውት ታያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሊማሶል በላይ፣ በትሮዶስ ተራራ ግርጌ ያሉ መንደሮች ወይኑን ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ጨምቀውና አብላልተው፣ በእንጨት በርሜል ያስረጁታል። ኮማንዳሪያ ይሉታል፤ ስሙ ከመስቀል ጦረኞች ዘመን የመጣ ነው። አሁን ኮማንዳሪያ ተብሎ እንዲሸጥ የተፈቀደው የ14 መንደሮች ምርት ብቻ ነው። እነሱ ስሙን ከነማሳው በሕግ አስከብረውታል፤ እኛ ዘንድ ስሙ ለአገር ቀርቶ ማሳው ጤፍ ሆኗል። እነሱ ደረቁን ወይን የሚያስረጁትን ያህል እኛ ዕለቱን ጨምቀን ዕለቱን እንቀድስበታለን። ፀሐዩ ግን አንድ ነው።

በመጨረሻ እኔና ወንድሜ ጓሮ ቆመን ስንከራከር እማዬ ከቤት ወጣች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷን የጠየቀ አልነበረም።

«ወይኑን የወደደው አባታችሁ ነው» አለች። «እኔ አርባ ዓመት ቅጠሉን ጠረግሁ። ነፍሱን ይማረውና እሱ ቢሆን ኖሮ ለእኔ መድኃኒት እስካሁን አይቆይም ነበር፤ ቆርጦት ነበር። ቁረጡት።»

ተቆረጠ። መጥረቢያውን የያዘው ወንድሜ ነው፤ ከመጀመሪያው ምት በፊት ግን «የምትፈልጊውን ውሰጂ» ብሎኝ ቆሞ ጠበቀኝ። ወይን በእንጨቱ ይበቅላል፤ አባዬም ያመጣው እንዲሁ ነው። ደኅና ደኅናውን መርጬ ስድስት ቆረጥኩ። ሦስቱን ዳባት ላለችው አክስቴ ላክሁላት፤ ሦስቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ባሕር ዳር ይዤ ወረድኩ።

የዳባቶቹን ኅዳር ላይ ውርጭ በላቸው። «እትዬ፣ ሸፈን ብታደርጊያቸው ምን ነበር?» ብላት፣ «ልጄ፣ ይኼ ደጋ ነው» አለችኝ። ከእኔዎቹ ሁለቱ ደረቁ። አንዱ ከቤቴ አጥር ሥር ቅጠል አውጥቷል፤ ቁመቱ ገና ከጉልበቴ አይዘልም። ሰርቪሱ ጎንደር አልቆ ተከራይቷል፤ እማዬም መድኃኒቷን በወቅቱ ታገኛለች።

ወይኑ መቼ እንደሚያፈራ ለማየት አልቸኩልም። ሲያፈራ ግን የመጀመሪያውን ለልጆች እሰጣለሁ፤ የቀረውን በሰፌድ አሰጣዋለሁ። በነጭ ጨርቅ ቋጥሬም ከደብራችን ቅጥር በር ላይ እቆማለሁ። ለጥቂት ቀን ቢበቃ ነው።