የአተሯ ሰማያዊ ቢራቢሮ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ደጋውን አቋርጦ ቦረና መካነ ሰላም ይደርሳል፡፡ አካባቢው በእንግዳ ዘንድ የሚታወቀው በደንቆሮ ጫካ፣ በዚያም በሚኖሩት ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ነው፡፡ እኛ ግን ዛሬ ውድ አንባቢያንን የምንወስደው ወደ ገበሬው የአተር ማሳ ነው፡፡

ክረምቱ ወጥቶ አተሩ ሲያብብ በአበባው ላይ የምታንዣብብ ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች፡፡ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 የሳይንስ ስም ያወጣላት ይህች ፍጥረት ከአፍሪካ ሌላ በአውሮፓ፣ በእስያና በአውስትራሊያም ትገኛለች፡፡ ክንፎቿ ሲዘረጉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው፡፡ ወንዱ ወይን ጠጅ የቀላቀለ ሰማያዊ ሲሆን ሴቷ ቡናማነት ይበዛባታል፡፡ በኋላ ክንፎቿ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭራዎችና ዓይን የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አሉ፡፡ ወፍ ይህን ራስ መስሏት ስትነክስ ቢራቢሮዋ ቁራጭ ክንፍ ትታ ታመልጣለች፡፡

እናቲቱ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች በእንቡጥና በአበባ ላይ ትጥላለች፡፡ በጥቂት ቀናት የሚፈለፈለው ትል አበባውን ይበሳል፤ ቀጥሎም ወደ እሸቱ ገብቶ ፍሬውን ይበላል፡፡ ጉንዳኖች ከጀርባው የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሱ የሚጠብቁት ጊዜም አለ፡፡ ካደገ በኋላ ከእሸቱ ወጥቶ በደረቀ ቅጠል መካከል ተሸሽጎ ሳይንሱ ፑፓ የሚለውን ይሆናል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ይበራል፡፡ ብርድ ሲበዛ ይህ ሁሉ ይዘገያል፡፡

እንግዲህ ልጆች የሚያሯሩጧት ውብ ቢራቢሮና እናቶች እሸት ሲፈለፍሉ የሚያገኙት ትል አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ ሁሉም ትል ግን የእርሷ አይደለም፡፡ የእርሷ አጭርና ጠፍጠፍ ያለ ነው፡፡ ረዘም ብሎ በጎኑ መስመር ያለው ብዙውን ጊዜ ጓይ ትል ነው፤ እርሱ ሲያድግ በሌሊት የሚበር የእሳት እራት ይሆናል፡፡

ይህን መለየት ምን ይጠቅማል? ማሳው ባበበበት ወቅት መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ንቦችንና የትሉን እንቁላል የሚያጠፉ ጥቃቅን ተርቦችን ጭምር ይገድላል፡፡ እሸቱ ውስጥ የገባውን ትል ግን መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም፡፡ ስለዚህ አስቀድሞ እሸት ፈልፍሎ ማየትና የግብርና ባለሙያ ማማከር ይበጃል፡፡

ልጆችም ትሉን ከነእሸቱ በጠርሙስ አኑረው፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ይከታተሉ፡፡ ምን ሆኖ እንደሚወጣ በዓይናቸው ካዩ፣ አባታቸው «መድኃኒት ልርጭ ወይስ ልተው?» ብሎ ሲያማክራቸው የሚመልሱት አያጡም፡፡