በእጅ የተሞላ ጥይት ይታመናል ወይ?

"ይህ የስደተኛ ቤተሰብ ጉዳይ ነው እንዴ?" ትሉን ይሆናል። ካርቱም የኖርን ግን እናውቀዋለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ዕለቱ ቅዳም ሹር ነበር፤ ለፋሲካ ዶሮ ሽንኩርት እየከተፍን ነበርን። ከዚያ በኋላ ዘረፋው በዛ። ዴም ሰፈር ባለው ግቢያችን ሌሊት በተራ መጠበቅ ጀመርን።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው አሮጌ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከ11 ጥይት ጋር ይዞ "ግዙኝ" አለን። ጥይቶቹ የፋብሪካ አይደሉም፤ የተተኮሰ ቀለህ በእጅ እንደገና ተሞልቶ ነው። ግማሾቻችን "ባዶ እጅ ከመቀመጥ ይሻላል፤ አያቶቻችንስ የውጅግራ ቀለህ እየሞሉ ይተኩሱ የለም ወይ?" አልን። በመካከላችን የነበሩ አንድ የቀድሞ ወታደር አባት ግን ጥይቶቹን እያገላበጡ አስረዱን።

በዓይን የሚታይ ጉድለት አለ። ቀለሁ ከተሰነጠቀ አይሆንም። ከኋላ ያለችው ካፕሱል ወደ ውጭ ከወጣች የሚሽከረከረው ማጉረሻ ይያዛል፣ ወይም ሊባርቅ ይችላል። አረሩ ከላላ ደግሞ ሽጉጡ ሲራገጥ ወደ ፊት ይወጣና ማጉረሻውን ይቆልፈዋል። ሦስቱ ጥይቶች እንዲህ ሆነው ተገኙ።

ስምንቱስ? ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። የውጅግራው ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ስለሚሞላው እጥፍ ልጨምር ቢሉ ቦታ የለውም። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ለሽጉጥ ጥቂቱ ይበቃል። ሞይው ተዘናግቶ ሁለቴ ቢጨምር አረሩ ይሸፍነዋል፤ ማንም አያይም። ሲተኮስ ሽጉጡ እጅ ላይ ይፈነዳል። ባሩዱ ከተረሳ ደግሞ ካፕሱሏ ብቻዋን አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ትወትፈዋለች፤ "ከሸፈ" ብሎ የደገመ ሰው በራሱ ላይ ያፈነዳል። መመዘንም ዋስትና አይሆንም፤ ቀለህና አረር ራሳቸው ክብደታቸው ስለሚለያይ የባሩዱ ልዩነት አይለይም። ማወቂያው አንድ ነው፤ ማን፣ በየትኛው ባሩድ፣ ምን ያህል እንደሞላው። ሻጩን ጠየቅነው። "ከገበያ ነው" አለ።

አልገዛንም። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም በሱዳን ሕግ ያስጠይቃል፤ ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ ይብሳል። በራችንን ዘግተን፣ በፉጨት እየተጠራራን ሰነበትንና ተራ በተራ ወደ ገዳሪፍ ወጣን።

ይህን የምንጽፈው ነገሩ ስላላለፈ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን ተቆጣጥሬአለሁ ካለ ወዲህ ወደዚያ የሚመለሱ አሉ። በየቤቱና በየመንገዱ ጥይትና ያልፈነዳ ነገር ይገኛል። ካምፕም ውስጥ ልጆች ቀለህ ለቅመው ሲጫወቱ እናያለን። ከቀለሁ መሐል ያልተተኮሰ ጥይት ቢኖር ልጅ አይለይም። እሳት ውስጥ መጣል፣ በድንጋይ መቀጥቀጥ፣ ነሐሱን ለመሸጥ መፍታት እጅና ዓይን ያሳጣል።

ስለዚህ ወላጆች፣ "ይሄ ደህና ነው፣ ያኛው አደገኛ ነው" ብላችሁ ለልጅ አታስተምሩ። እኛ ትልልቆቹም መለየት አልቻልንም። "አትንካ፣ ቦታውን አስታውስ፣ ለትልቅ ሰው ንገር" በሉት። የነገሯችሁ እንደሆነም እናንተ ሳትነኩ ለካምፑ ጥበቃ አሳውቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።