ቆዳውን እየጣለ የሚያድግ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ያወጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ፣ አፄ ቴዎድሮስም ሚሲዮናውያንን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት በዚሁ አካባቢ ናቸው። ተራራውንና ታሪኩን ሁሉም ያያል፤ በቅጠል ሥር ያለውን ግን ጎንበስ ያለ ብቻ ያየዋል።

በእርሻ ዳር ልጆች በቅጠል ላይ ይዘው «ይህ ምንድን ነው?» ከሚሉት አንዱ፣ ክብ ቢጤ፣ ክንፍ የሌለው፣ ሲነኩት የሚገማ ትንሽ ፍጥረት ነው። ብዙ ሰው «የጥንዚዛ ልጅ ነው» ይላል። የጥንዚዛ ልጅ ግን ትል ነው። ይህኛው የትኋን ዘመድ ነው፤ ሲያድግ ጀርባው ጋሻ ይመስላል። በሆዱ በኩል ቢያዩት እንደ መርፌ የቀጠነ መምጠጫ አፉን አጥፎ ይዟል። ከጀርባው መካከል ያሉት ጠቆር ያሉ ምልክቶች ሽታው የሚወጣባቸው ናቸው። ከፍ ሲል የክንፍ እምቡጥ ብቅ ይላል።

በቀለሙ ግን አትመኑ። ኔዛራ ቪሪዱላ የተባለው አረንጓዴ ዝርያ ሲፈለፈል ብርቱካናማ ነው፤ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ ከዚያም ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል። እርሱ የባቄላ ዘር ወገኖችን እየመጠጠ ይጎዳል፤ ከዘመዶቹ መካከል ግን ሌሎች ተባዮችን እየበሉ ገበሬን የሚጠቅሙ አሉ። ስለዚህ ከመግደል በፊት መለየት ይገባል።

ቢራቢሮ በሙሽሬዋ ውስጥ ተሰውራ ትለወጣለች። ይህ ግን መሰወሪያ የለውም፤ በሰው ዓይን ፊት አምስት ጊዜ ቆዳውን እየጣለ ያድጋል።

ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ጌታ መልኩ ተለወጠበት ተብሎ በትውፊት ከሚታመነው ተራራ ነው። በማቴዎስ 17፥2 ስለዚያ መለወጥ የገባው የግሪክ ቃል በሮሜ 12፥2 ስለ እኛ መለወጥም ገብቷል። የነፍሳት አጥኚዎችም «ሜታሞርፎሲስ» የሚሉት ከዚሁ ቃል ወስደው ነው።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ከጌታ ጋር መንገድ የጀመረ ባል ወይም ሚስት በአንድ ሌሊት ክንፍ አያወጣም። «አልተለወጠም» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ዛሬ የትኛውን ቆዳ እንደ ጣለ እንይ። ትናንት ይቅርታ መጠየቅ የማያውቅ ዛሬ ጠይቆ ከሆነ አንድ ቆዳ ወድቋል። ይህን ስል ዱላን ታገሡ ማለቴ አይደለም፤ ዱላ የዕድገት ደረጃ ሳይሆን ኃጢአት ነው፣ ለሽማግሌና ለሕግ ይነገራል። ገና በማደግ ላይ ያለውን ግን ካደገው ጋር እያስተያየን አንጣለው። ጌታ የሚያይ ዓይን ይስጠን።