ዓርብ ሁለት ድስት

እስኪ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ዕረፍት ያላት ልጅ፣ ያቺም ቀን ዓርብ የሆነችባት፣ ረቡዕና ዓርብን የማትገድፍ ክርስቲያን ብትሆን ምን ትበላለች? ሳምንቱን ሙሉ በሳውዲዎች ቤት ከብሳ የሚሉትን ሩዝ ስታበስል ከርማ፣ «ዛሬስ የአገሬን ወጥ!» ብላ የምትወጣበት ቀን ጾም ነው። አብራት የመጣችው የደሴ ልጅ ግን ሙስሊም ናት። ለእሷ ዓርብ የሳምንቱ አውራ ቀን ነው፤ ከጁምዓ በኋላ ደህና ነገር ካልተበላ ምኑን ዓርብ ሆነ? ሁለቱ ጓደኛሞች የሚሄዱት ደግሞ አንድ ቤት ነው፤ የሚቀመጡትም አንድ ፍራሽ ላይ።

ለዚህ ነው በካራንቲና ሥራዋን የምታውቅ ወጥ ሠሪ ዓርብ ዓርብ ሁለት ድስት የምትጥደው። ትጥድ የነበረችው ልበል እንጂ፤ ካራንቲና ዛሬ የለችም። እሱን እደርስበታለሁ።

ለማታውቋት፣ ካራንቲና ከጅዳ በስተደቡብ፣ ከወደቡና ከነዳጅ ማጣሪያው ወገን የነበረች ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው በባሕር የሚመጡ ሐጃጆች ከበሽታ ነጻ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ከሚቆዩበት ስፍራ ነው። ኋላ ግን ማቆያነቷ ለሌላ ዓይነት ሰው ሆነ። ለዑምራ መጥቶ የቀረ፣ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ከአሠሪው ቤት የጠፋ፣ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ያለቀበት ሁሉ እዚያ ይጠጋ ነበር፤ ቻዱ፣ ናይጄሪያው፣ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ሐበሻው። በጋዜጣ ስሟ ይነሣ የነበረው በአረቄ፣ በጠብና በአፈሳ ነው። ሐሰት ነው አልልም፤ መሽቶ ብቻዬን የማልገባባቸው መንገዶች ነበሩ። ይሁንና በጅዳ ከሚበላው የሐበሻ ምግብ ሁሉ ምርጡ እዚያው ነበር ብዬ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ምግብ ቤት ስላችሁ ሰሌዳ፣ ጠረጴዛና አስተናጋጅ እንዳይታያችሁ። አንድ ክፍል ነው። በር ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የጫማ ክምር፣ ከመጋረጃው ወዲያ በግድግዳው ዙሪያ ፍራሽ። መሐል ወለሉ ላይ ስስ የፕላስቲክ ሱፍራ ይነጠፋል፤ ከተበላ በኋላ ከነፍርፋሪው ተጠቅልሎ ይጣላል። ይህ ከዐረቦቹ የተማርነው ነው፤ መሶቡን ግን አልተውንም። ያለ ሰው አይገባም። መጀመሪያ ይዞህ የሚገባ አንድ የሚታወቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ «ና ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» ትባላለህ። ሜኑ የሚባል ነገር የለም። የቤቱን ወጥ ሠሪ እትዬ ነው የምንላት፤ «እትዬ፣ ዛሬ ምን አለ?» ነው ጥያቄው፤ መልሱም ያለው ነው፤ ካለቀ ደግሞ አለቀ።

አሁን ወደ ጓዳው ልውሰዳችሁ፤ የዚያ ቤት ጥበብ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይመጣል፤ የሚሠራውም በ220 ቮልት ነው። የሳውዲ ቤቶች ግን ለረጅም ዘመን የነበራቸው ሁለት ዓይነት መብራት ነው፤ ተራው ሶኬት 127 ቮልት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሶኬት 220። መንግሥት ሁሉንም በሂደት ወደ 230 ለማዞር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ አሮጌ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ምጣዱን ተራው ሶኬት ላይ ብትሰኩት የሚሰጠው ሙቀት ሲሶውን ነው፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ እትዬ የማቀዝቀዣውን መሰኪያ ትነቅልና ምጣዷን ትሰካለች። በጅዳ በጋ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ፣ ምጣድ ግሎ! ይህንን ያየ ሰው «እንጀራው ዛሬ ትንሽ ወፈረ» የሚል አፍ አይኖረውም። የሚጋገረውም ሌሊት ነው፤ ማንም በማይመጣበት ሰዓት።

ሊጡም የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚያ ሙቀት ውስጥ ባንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ ይመጣል፤ ትንሽ ከዘነጉት ኮምጣጤ ነው። ስለዚህ የሊጡ ዕቃ ግማሹን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። የጤፍ እህል በ1998 ዓ.ም. ከአገር እንዳይወጣ ከተከለከለ ወዲህ በአውሮፕላን የሚሄደው የተጋገረው እንጀራ ነው። እሱ ውድ ነው፣ ጠርዙም ደርቆ ይደርሳል፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ካላቆዩት ሲጠቀለል ይሰበራል። በየቤቱ የሚጋገረው ግን በሻንጣ ከመጣ ጥቂት ጤፍ ጋር የሩዝ ዱቄትና ማሽላ የተቀላቀለበት ነው። ጤፍ አዋቂው ወዲያው ይለየዋል፤ ራብ ያለበት አይለየውም። ጭራሽ ሲያልቅ ከየመኖቹ ላሑሕ ይገዛል። ዓይን አለው፣ ይኮመጥጣል፣ በወጥ ይበላል። የአክስት ልጅ ነው፤ ዘመድነቱን ማን ይክዳል።

ዶሮው ሌላ ጣጣ ነው። የአገራችን ዶሮ ወጥ የተሠራው ለአገራችን ዶሮ ነው፤ ጓሮ ለጓሮ ሲሮጥ የኖረ፣ ሥጋው የጠነከረ፣ ሰዓታት ቢበስል የማይፈርስ። ሳውዲ ውስጥ በየሱቁ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከብራዚል በረዶ ሆኖ የሚመጣ፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ ለጋ ዶሮ ነው። እንደ አገር ቤት ቁሌቱ ላይ ጥላችሁት ብትቆዩ ዐሥራ ሁለቱ ብልት ወደማይቆጠር ብጥስጣሽ ይለወጣል። እትዬ ታዲያ ሽንኩርቱን ብቻውን ሦስት አራት ሰዓት ታቁላላዋለች፤ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ቅመሙ ሁሉ በዶሮ አልባው ቁሌት ላይ ይጨረሳል። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ የሚገባው ወጡ ካለቀለት በኋላ ነው፤ ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ። ይህንን ዘዴ ከየትኛውም የምግብ መጽሐፍ አላየሁትም።

በጉስ? በጉ እኮ አብሮን የተሰደደ ነው። በጅዳ ገበያ «በርበሪ» የሚባለው በግ በበርበራ ወደብ በኩል በመርከብ የሚመጣ ነው፤ ብዙው ደግሞ ከእኛው ሶማሌ ክልል ሜዳ ተነድቶ በርበራ የደረሰ። ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሳውዲዎች የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርተው አግደውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሐጅ ሰሞን በሚሊዮን እየተቆጠረ የሄደበት ዓመት አለ። እንደኛ አይደለም፤ ወረቀቱ ተሟልቶ ነው የሚገባው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ቢላዋው ነው። አገር ቤት የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ ነው የኖረው፤ በአንድ ሰርግ ሁለት ዳስ፣ ሁለት አራጅ። ሳውዲ ውስጥ ያለው አንድ አራጅ ነው። መጀመሪያ የመጣ ክርስቲያን ይግደረደራል፤ ከርሞ ከርሞ ይበላል፤ የማይበላም አለ፣ እሱ ዓመቱን ሙሉ የሽሮ ደንበኛ ይሆናል። እትዬ ለማንም ስብከት አትሰብክም። የምታደርገው ጭልፋ መለየት ብቻ ነው። የፍስኩን ጭልፋ የጾሙ ድስት ውስጥ ከትታ የተገኘች ባለ ወጥ ዓርብ ዓርብ ግማሽ ደንበኛዋን ታጣለች። ጾመኛዋ ከበርበሪው ቅቅል አጠገብ ቁጭ ብላ ምስሯንና ሽሮዋን ስትጠቀልል፣ የደሴዋ ልጅ ደግሞ በረመዳን «ነገ እኔ ስጾም አንቺ ፊቴ እንዳትበዪ» እያለች ስታስፈራራት፣ ያ ክፍል ይደምቃል።

መካ እንዲህ አይደለም። ክርስቲያን ስለማይገባባት የመካዋ ባለ ወጥ ስለ ጾም ድስት አትጨነቅም፤ ሽሮ የምትሠራው ሽሮ ስለሚወደድ ነው።

እንግዲህ «የቤት ምግብ» ተከፍሎበት ሲበላ ለእኛ አዲስ ነገር መሆኑን አትርሱ። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር አይቶ ስለሸሸ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ይባላል። ሽሮ ለመብላት ከቤት መውጣትማ ለአያቶቻችን ሳቅ ነበር። ሰው ከቤቱ ሲርቅ ነው ሽሮ ገንዘብ የሚያወጣው።

በቤት አብስሎ መሸጥ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። ጥቁሮች በ1955 እ.ኤ.አ. በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ሲያድሙ፣ እሷና ጓደኞቿ ኬክና የተጠበሰ ዶሮ እየሸጡ ለአድማው ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ማኅበራቸውን «የትም የሌለ ክበብ» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚል መልሱ «ከየትም» እንዲሆን። በማርቲን ሉተር ኪንግ ችሎት ከመሰከረች በኋላ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ተባረረች፤ ኪንግም በራስሽ ቤት አብስለሽ ሽጪ ብሎ አበረታታት። ሳሎኗ ምግብ ቤት ሆነ። ሰባኪው፣ ጠበቃው፣ የቀን ሠራተኛው በአንድ ወጥ ቤት ተፋፍገው በሉ። ሰሌዳ አልነበረውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ ይህችን ሴት ብታገኛት በሁለተኛው ደቂቃ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጀምሩ ነበር።

ባለ ሰሌዳዎቹስ? በጅዳ ፈቃድ ያላቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ንጹሕ ናቸው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ክትፏቸውን አልነቅፍም። ግን ሜኑው ረጅም ነው፣ ሁሉም ፎቶ ተነሥቶ ተደርድሯል፤ ይህን ሁሉ በየቀኑ ትኩስ አድርጎ የሚያቀርብ ወጥ ቤት አላየሁም። በያይነቱ ስታዙ ግማሹ ከትናንት የተረፈ መሆኑን ምላስ ያውቃል። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ በሕግ «የቤተሰብ» እና «የወንደላጤ» በር ነበራቸው፤ ሶላት ሲደርስ መዝጋቱም የቀረው በ2021 ነው። የካራንቲናው ክፍል ሁለት በር ከየት ያመጣል? ወንድም ሴትም በአንዱ መጋረጃ ነው የሚገባው። ያ ራሱ ወንጀል ነበር፤ ፈቃድ አለመኖሩ ሲጨመር ሁለት ወንጀል።

ስለዚህ ፍተሻ ሲመጣ ስልክ ይደወላል፤ «ጀዋዛት ወጥቷል!»፤ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ማለት ነው። ጉርሻ በእጅ፣ ጫማ በእጅ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ወረቀት የሌላቸው ላይ ታላቁ አፈሳ ሲመጣ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመልሷል። የእትዬ ዓይነቶቹ ሴቶች የሚይዙት የዱቤ ደብተር ነበር፤ ስም፣ ቀን፣ ሪያል። ሹሜሲ እስር ቤት ከገባ ሰው ዱቤ አይሰበሰብም። ደብተሩን ይዘው ራሳቸውም የተሳፈሩ አሉ።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቡልዶዘሩ መጣ። የጅዳ አስተዳደር በደቡብና በመሐል ከተማ ያሉ ያረጁ ሰፈሮችን በተራ ሲያፈርስ ካራንቲናም ፈረሰች፤ ጉለይልና ፔትሮሚንም አብረው ሄዱ። የከተማ አዋቂዎች ጠባብ መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ወንጀል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባለቤትነት ያለው ሳውዲ ካሣ ሲጠብቅ፣ ኢቃማ የሌላት ተከራይ ምጣዷን ተሸክማ ነው የወጣችው። ወጥ ቤቶቹ ግን አልሞቱም፤ ተበተኑ። ዛሬ አፓርታማ ውስጥ ናቸው፤ ትእዛዝ በዋትሳፕ ድምፅ ይመጣል፣ ምግቡ በመኪና ይወሰዳል። ወጡ ያው ነው። ፍራሹ ግን ቀርቷል፤ ጾመኛዋና የደሴዋ ልጅ አሁን የሚበሉት ለየብቻ፣ ከአልሙኒየም ሣህን ነው፤ ይህን ለውጥ አልወደድኩትም።

ለዑምራም ሆነ ለሥራ ወደ ጅዳ የምትሄዱ ከሆነ ታዲያ አንድ ሁለት ነገር ያዙልኝ። በፎቶ አትዘዙ፤ «ዛሬ ምን ተሠራ?» ብላችሁ የተሠራውን ብሉ። ጾመኛ ከሆናችሁ ወጡ ሳይወጣ ተናገሩ። ዱቤውን ግን፣ እባካችሁ፣ ወሩ ሳያልቅ ክፈሉ።