የሰርጋችንን ፎቶ ማን ያንሳው?

ቡናው እስኪፈላ ስለ ሰርግ ፎቶ እንጫወት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ፎቶ አንሺ ማግኘት ከባድ ነው። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት እሑዶች ጥቂት ናቸው፣ ሰርገኛው ደግሞ ብዙ። አንድ ፎቶ ቤት በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ሰርግ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «እኛን የሚያነሳን ማን ነው?» በሉ። ሥራውን ያሳያችሁ አንድ ሰው፣ በዕለቱ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሌላ እንዳይሆን ስሙ ውሉ ላይ ይስፈር። መልሱና ቅልቅሉም እዚያው ይካተቱ፤ በኋላ ተጨማሪ ሒሳብ ሆነው ይመጣሉ።

ሥራውን ስታዩ በፓርክ ፎቶ ብቻ አትማረኩ። እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ብርሃን ሞልቷል፤ ሙሽሮቹም ቆመው ይጠብቃሉ፤ ካላማረ ይደገማል። ተክሊል አይደገምም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃኑ ያንሳል፣ የካባው ወርቅ ያብረቀርቃል፣ ቄሱንም «አንዴ ይመለሱልኝ» ማለት አይቻልም። (አንሺው የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድለት ቀድማችሁ ጠይቁ።) እናም «ከጠዋት እስከ ማታ ያነሳኸውን አንድ ሙሉ ሰርግ አሳየን» በሉት። ቀሚሱንም ልብ በሉ። ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ሲለካ በነጩ የሐበሻ ቀሚስ ይታለልና የሙሽራዋን ፊት ያጠቁራል፤ ፊቷን ለማፍካት ብርሃን ሲጨመር ደግሞ ቀሚሱ ነጭ ብቻ ይሆንና የጥልፉ ሥራ ይጠፋል። ፊቷም ጥልፉም ጥርት ብለው ከታዩ ሰውየው ሙያውን ያውቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚበልጠው ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ነው። አባት አቀርቅሮ ሲመርቅ፣ እናት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ አያት የልጅ ልጇን ፊት በሁለት እጇ ስትይዝ ሁሉም በሰከንዶች ያልፋል። ጎበዝ አንሺ ያን ጊዜ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው ጌጡንና መኪናውን ሲያነሳ ያመልጠዋል። ባሳያችሁ ሰርግ ውስጥ ሽማግሌዎቹን ፈልጉ። ከሌሉ ወይም ከኋላ ደብዝዘው ከቀሩ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

የመረጣችሁት ሰው ዘመዶቻችሁን አያውቅምና ቤተሰቡን ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት አክስት አጠገቡ መድቡ፤ ሚዜዎች ሌላ ሥራ አለባቸው። የፓርኩንም ሰዓት ቀንሱና አያቶቻችሁ ሳይደክሙ፣ ገና በጠዋቱ አብራችኋቸው ፎቶ ተነሡ።