ማኪያቶ የመሰለው ዘይት

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጫወተው ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ ነው። ዛሬ ግን ስለ ዘይት ላወራችሁ ነው። ኧረ የምግብ ዘይት አይደለም! የመኪና ነው። ያውም ማንም ዞር ብሎ የማያየው የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት። «እኔ መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ?» እንዳትሉ። ነገ በዕቁብም ሆነ በብድር አንድ ፒክአፕ ገዝታችሁ ሥራ ልጀምር ትሉ ይሆናል። የአጎቴም ልጅ እንዲሁ ነበር ያለው።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። እኔ 12ኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ደመወዙ አላወላዳ ብሎት ሥራውን ለቆ፣ የዕቁብ ብሩ ላይ የእናቱን የአንገት ወርቅ ጨምሮ፣ አንድ ያገለገለች የላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዝቷል። እናትየው ወርቁን ሲሰጡት «አደራ» አላሉም። ዝም ብለው ነው እጁ ላይ ያስቀመጡት። እሱ ደግሞ የባሰ ይከብዳል!

አራት ወር ሙሉ ወደ ደቡብ ኦሞ ዕቃ ሲያመላልስ ቆይቶ አንድ ቀን «ና፣ አገር ታያለህ» አለኝ። እኔ ምኑ ሞኝ ነኝ? ከኋላ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሳሙና ከልኳ በላይ ተጭኗል። ከፊት እኔና እሱ፣ አንድ ፌስታል ቆሎና ሦስት ካሴት የሚያህል ወሬ ይዘን ወጣን።

አርባ ምንጭ አደርን። ከከፍታው ላይ ሆናችሁ አባያና ጫሞን ጎን ለጎን ስታዩ፣ መሃላቸው ያለውን መሬት «የእግዜር ድልድይ» ያለው ሰው አልተሳሳተም ትላላችሁ። በማግስቱ ወደ ኮንሶ ወጣን። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የድንጋይ እርከን እዚያ ታያላችሁ። የኮንሶ ሰው ዳገቱን በድንጋይ እየደገፈ፣ በየጊዜው እየጠገነ፣ ትውልድ ተሻግሮበታል። የፈረሰችን አንዲት ድንጋይ ዛሬ ካልመለስካት ነገ እርከኑ በሙሉ ይሄዳል። (ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።)

ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቁልቁል ነው። ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊት ይመታል። ከዚያ ደግሞ ወደ ቀይ አፈር ዳገት። መኪናዋ ጭነቷን ይዛ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። ቀይ አፈር የደረስነው ሐሙስ፣ በገበያው ቀን ነበር። ማሩ፣ ቅሉ፣ ፍየሉ፣ ጨሌው… ዓይን አይጠግብም። ከዚያ ወዲያ ጠጠሩን ተያያዝነውና በዲመካ አድርገን ቱርሚ ገባን።

ቱርሚ አጠገብ ካስኬ የሚባል ወንዝ አለ። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ደራሽ ይመጣል። የእኛ ዕቃ ተቀባይ ከማዶ ነበር። ውሃው ጋብ ብሏል ተባለና ገባን። መሃል ላይ አሸዋው ያዘን! ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። የሐመር ልጆች መጥተው በትከሻቸው ገፍተው አወጡን። ዕቃውን አራገፍን፣ ተደሰትን፣ ተኛን።

በማግስቱ መንገድ ስንጀምር መኪናዋ ማልቀስ ጀመረች። እውነቴን ነው! ከኋላ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ። ነዳጅ ሲሰጣት ይጨምራል፣ እግሩን ሲያነሳ ይለወጣል። የአጎቴ ልጅ «ጎማው ይሆናል» አለ። እኔም «ጎማው ነው» አልኩ። ምን አውቄ! እየተንፏቀቅን ጂንካ ደረስን።

እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከስር ገብተው የኋላውን ዲፈረንሻል ማፍሰሻ ቡሎን ፈቱ። የወረደው ጥቁር ዘይት አልነበረም። ማኪያቶ ነው! ቡናማ፣ ወተት የተቀላቀለበት፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለበት። ሽማግሌው ጣታቸውን ነክረው አሻሹና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው መቼ ነው?»

«ስገዛት ዘይቷ አዲስ ነው ብለውኛል ጋሼ።»

«የቱ ዘይት?»

የአጎቴ ልጅ ዝም አለ። አዲስ የተባለው የሞተሩ ዘይት ነበር። ስለ ሌላው ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልተናገረ።

ሽማግሌው ያስረዱንን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ። ጭነት ይዛ የሮጠች መኪና ዲፈረንሻሏ ይግላል። ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በመተንፈሻው ወይም ባረጀው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ጥርስና ኩሽኔታ መጠበቅ ያቅተዋል። እና ያ ሁሉ የካስኬ ጥፋት ብቻ አልነበረም። አራት ወር ሙሉ በየወንዙ ስትገባ ኖራለች፣ ካስኬ የመጨረሻዋ ጠብታ ነች።

«ታዲያ በስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው?» ብዬ እኔው ጠየቅሁ። የየመኪናው መጽሐፍ ይለያያል፤ ለእንዲህ ያለች መኪና ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቁጥር 40 ሺህ ነው። ግን እሱ በልኩ ጭና በደህና መንገድ ለምትሄድ ነው። ጭነት፣ አቧራ፣ ዳገትና ተጎታች ካለ ግማሹን ያዙ፣ 20 ሺህ። ዲፈረንሻሉ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ኪሎ ሜትር መቁጠር ቀረ፤ ሳይውል ሳያድር ከፍቶ ማየት፣ ወተት ከመሰለ መቀየር።

ሌላም አለ፣ ብትችሉ ቆርጣችሁ አስቀምጡት፦

ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን አስፈቱ። ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙያው አልፈታ ካለ መንገድ ላይ ቀራችሁ ማለት ነው!

ዘይቱ ሞቅ ሲል፣ መኪናዋ ለጥ ያለ ቦታ ቆማ ይፍሰስ። ሲሞላም እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ነው።

ማፍሰሻው ማግኔት ካለው የያዘውን እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ከሆነ የወትሮ ነው። በጣት የሚቆጠር ስብርባሪ ከሆነ ግን ወዮላችሁ!

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አንድ ነው ብላችሁ አታምታቱ። ጣሳው ላይ ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5 የሚል አለ። ለዲፈረንሻሉ የሚስማማው ጂኤል 5 አንዳንዱን ካምቢዮ ውስጥ ያሉ የነሐስ ቀለበቶችን ሊጎዳ ስለሚችል መጽሐፉን እዩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዘይት ነው የሚፈልገው። እሱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ቀን አትቁጠሩ።

ወደ ጂንካ ልመለስ። ኩሽኔታው አልቋል፣ ጥርሱ ተበልቷል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። ዕቃ የሚያስጭነው ነጋዴ አልጠበቀም፣ ሌላ መኪና ያዘ። ይህ ሁሉ እንግዲህ 3 ሊትር ገደማ በሆነ ዘይት ምክንያት ነው።

በስምንተኛው ቀን ማታ የአጎቴ ልጅ ለእናቱ ደወለ። «ደህና ነን፣ ሥራ በዝቶብን ነው» አላቸው። ስልኩን ዘግቶ ብዙ ቆየና «ወርቋን እኮ ነው ወንዝ ውስጥ የነከርኩት» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መኪናዋ ተሠራች፣ ዕዳውም በሁለት ዓመት ተከፈለ። ዛሬም ትሠራለች። አንድ ደብተር በክር ታስሮ መሪው አጠገብ ተንጠልጥሏል። «ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር» የሚል አንድ ዓምድ አለው፣ «የተሻገርነው ወንዝ» የሚል ሌላ ዓምድ። ያቺን የኮንሶ ድንጋይ ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? የአጎቴ ልጅ አሁን ድንጋዩን በሰዓቱ ይመልሳል።

ወርቁስ? ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ገዝቶ አጠለቀላቸው። እናትየው እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ቆይተው ግን «መኪናዋስ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁ።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ፣ ሻጩ «ዘይቷ አዲስ ነው» ሲላችሁ «የቱ ዘይት?» በሉት። ቸር ሰንብቱ!